ላም አለኝ በሰማይ፦ የጤና ሥራ ማመልከቻን እንደ ልኬት ዘገባ መጻፍ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ደመናው ከጉና ተራራ አናት ላይ ሲገፈፍ፣ በደብረ ታቦር ከተማ በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ አንድ የተለመደ ትዕይንት ይታያል። ወጣቶች በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ተሰብስበው ይቆማሉ። አንዱ በስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሌላዋ በደብተሯ የኋላ ገጽ ላይ ትገለብጣለች፤ ሦስተኛው ከሰው ትከሻ በላይ ተንጠራርቶ ያነባል። የተለጠፈው ወረቀት አጭር ነው፦ የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ ደረጃ፣ ደመወዝ፣ ተፈላጊ የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ፣ የሥራ ቦታ፣ የምዝገባ ጊዜ። የሚፈለጉት ነርስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የጤና መኮንን ወይም የባዮሜዲካል ቴክኒሻን ናቸው። ለመመዝገብ የሚሰለፈው ሰው ግን ከቦታው ብዛት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ውድ አንባቢያን፣ የፊዚክስ መምህር ስለ ጤና ሥራ ማመልከቻ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ምክንያታችን ቀላል ነው። የተመረቁ ልጆቻችን ማመልከቻቸውን «እስቲ ይዩልኝ» እያሉ ያመጡልናል፤ እኛም እናነባለን። ደብዳቤዎቹን የጻፏቸው የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም የአንድ ሰው እጅ ሥራ ይመስላሉ። ሁሉም ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሥራ ወዳድ፣ በቡድን መሥራት የሚችሉ ናቸው። ስማቸውን ሸፍነን ብናነበው የማን ደብዳቤ የማን እንደሆነ መለየት አይቻለንም። በበረዶ ውስጥም በፈላ ውኃ ውስጥም 37 ብቻ የሚያነብ ቴርሞሜትር ቢኖር ተበላሽቷል እንላለን እንጂ ለካ አንልም። ለሁሉም ሰው እኩል የሚስማማ ማመልከቻም እንዲሁ ነው፤ ስለ ጸሐፊው የሚናገረው ነገር የለም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ጥሩ ማመልከቻ እንደ ጥሩ የልኬት ዘገባ ይጻፋል። ምን እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተሠራና በምን እንደተረጋገጠ ይናገራል፤ ያልተሠራውን እንደተሠራ አያደርግም።

ልመና ወይስ ማሳየት?

«ማመልከቻ» የሚለው ቃል «አመለከተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ማመልከት ደግሞ ጠቁሞ ማሳየት ነው። «ምልክት» የሚለውም ቃል የዚያው ሥር ቅርንጫፍ ነው። በልማድ ግን ማመልከቻና አቤቱታ ተቀላቅለውብናል። በየፍርድ ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ የሚጽፉ ማመልከቻ ጻፊዎች አብልጠው የሚያውቁት ቅርጽ የተበደለ ሰው ለባለሥልጣን የሚያሰማው አቤቱታ ነው። ቅርጹ ለተበደለ ሰው ተገቢ ነው። ሥራ ፈላጊውም በዚያው ቅርጽ «ቤተሰቤ በችግር ላይ ስለሚገኝ ክቡርነትዎ በርኅራኄ ተመልክተው…» እያለ ሲጽፍ ግን ዓላማው ይስታል። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ የሕሙማንን ደም የሚመረምር ባለሙያ የሚመርጥ ኮሚቴ ተወዳዳሪዎችን በችግራቸው መጠን ሊመዝን አይገባውም፤ ቢመዝንም ጉዳቱ የሚያርፈው በበሽተኛው ላይ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ይሉኝታ ነው። በባህላችን ራስን ማመስገን ነውር ነው፤ ሥራው ይመስክርለት እንጂ ሰው ስለራሱ አይናገርም ተብለን አድገናል። እኛም በዚህ ተሰናክለናል። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ወደ ማጠናቀቁ ተቃርበን ለመጀመሪያ ጊዜ የሥራ ማመልከቻ ስንጽፍ ሁለት ገጽ ሞላን። የመጀመሪያው ገጽ የተቋሙ ታላቅነት የተዘረዘረበት ነበር፤ ሁለተኛው ለአማካሪያችን ምስጋና የቀረበበት። አማካሪያችን አንብበው ሲጨርሱ የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በገዛ እጃችን የለካነው ነገር በየትኛው መስመር ላይ እንደሚገኝ። በየትኛውም መስመር ላይ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራስን ማወደስና የሠሩትን መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመለየት ስንጥር ኖረናል። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ውዳሴ ነው። «ይህን ሠራሁ፤ ይህን ያህል ጊዜ ሠራሁ፤ የክፍሉ ኃላፊ ፈርመውበታል» ማለት ዘገባ ነው። ዘገባ ነውር የለበትም። ማስረጃ የሌለው ውዳሴ ግን አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንዳሉት ይሆናል።

ደብዳቤውን ማን ያነበዋል?

በአገራችን የመንግሥት ሥራ በውድድር እንዲያዝ በሕግ ሲደነገግ ቆይቷል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515፣ በኋላም እርሱን የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1064 ክፍት የሥራ መደብ በማስታወቂያ ተገልጾ በውድድር እንዲሞላ ያዝዙ ነበር። ክልሎችም የየራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አላቸው፤ በደቡብ ጎንደር ዞን በሚገኙ የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሠራ ባለሙያ በአብዛኛው የሚቀጠረው በክልሉ ሕግ ነው።

የማመልከቻው የመጀመሪያ አንባቢ የሰው ሀብት ባለሙያ ነው። ይህ ሰው የጤና ባለሙያ ላይሆን ይችላል። በአንድ እጁ ማስታወቂያውን፣ በሌላው የእርስዎን ማስረጃ ይዞ አንድ በአንድ ያመሳክራል። በዚህ ደረጃ ላይ የቃላት ውበት ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው መገጣጠም ነው። በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው የትምህርት መስክ ስያሜ በዲግሪው ላይ ካለው ስያሜ ጋር የሚለያይ ከሆነ ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይገባል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደተሠራ ካልገለጸ ብዙ ጊዜ አይያዝም። ልምዱ ከግል ድርጅት የተገኘ ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማስረጃ ይጠየቃል። በደረጃ ሥልጠና የተመረቀ ሰው ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለውን የብቃት ምዘና ማረጋገጫ፣ የጤና ባለሙያ ደግሞ የሙያ ምዝገባና ፈቃዱን ማያያዝ አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ምዘና፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ስለተጀመሩ በእነዚህ ዓመታት የተመረቀ ሰው ማስረጃዎቹን አስቀድሞ ማሰናዳት ይኖርበታል። የምዝገባው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ተነሥቶ ለአንድ ማኅተም ደብረ ታቦር ተመላልሶ ለማድረስ አይበቁም።

መመሳከር ሲባል ግን ቃላቱን መገልበጥ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መስፈርት ምክንያት አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እንውሰድ። በየቀበሌው የሚመደቡት ሁለት ሠራተኞች ሲመለመሉ አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ የአካባቢው ተወላጆችና የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። ምክንያቱም ሥራው ቤት ለቤት እየዞሩ ከእናቶች ጋር ስለ እርግዝና፣ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት መነጋገር ነው፤ ለዚህ ደግሞ እምነት ያስፈልጋል። «የአካባቢው ነዋሪ» የሚለው መስፈርት የትውልድ ቦታን ሳይሆን መታመንን የሚለካ ነው ማለት ይቻላል። ማስታወቂያ ስናነብ በእያንዳንዱ መስፈርት ፊት «ይህን ለምን ፈለጉት?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ በደብዳቤው ውስጥ ምን መጻፍ እንዳለብን ይነግረናል።

የምርጫ ሳይንስ ምን ይላል?

ሁለተኛው አንባቢ የፈተናና የቃለ መጠይቅ ኮሚቴው ነው። ሰውን ለሥራ መምረጥ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የ85 ዓመታት ጥናቶችን አጠቃለው አንድ ሰው ሲቀጠር የተለካበት ነገር በኋላ ከሚያሳየው የሥራ ውጤት ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ አስሉ። ዝምድናው 0 ከሆነ ምንም ግንኙነት የለም፤ 1 ከሆነ ፍጹም ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ሚዛን የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ 0.51 አገኘ። በሥራ ላይ የቆዩበት ዓመታት ቁጥር ያገኘው ግን 0.18 ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን እንደገና መርምረው ቀደምቶቹ ቁጥሮች የተጋነኑ መሆናቸውን አሳዩ፤ በእነርሱ ስሌት የመጀመሪያው ወደ 0.42፣ ሁለተኛው ወደ 0.07 ዝቅ ብሏል። ቁጥሮቹ ቢቀንሱም ቅደም ተከተላቸው አልተለወጠም።

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፦ «የአምስት ዓመት ልምድ አለኝ» የሚለው ሐረግ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ያሳልፋል እንጂ ሥራውን በደንብ እንደምንሠራ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። አምስቱ ዓመታት ምን ተሠራባቸው? ደብዳቤው ይህን ከመለሰ ኮሚቴው በቃለ መጠይቅ የሚጠይቀው ተጨባጭ ነገር ያገኛል፤ አመልካቹም ተዘጋጅቶ ይቀርባል።

ከፍታው የሚጠይቀው እውቀት

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ሙያ እናንሣ። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 72 በመቶ ያህል፣ ማለትም 73 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ውኃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በየጤና ተቋሙ የቀዶ ሕክምናና የማዋለጃ መሣሪያዎች ከጀርም የሚጸዱበት አውቶክሌቭ ደግሞ የሚሠራው በእንፋሎት ግፊት ነው። የተለመደው መመሪያ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ ያዛል። ለዚህም በባሕር ወለል ላይ የግፊት መለኪያው ከውጭው አየር በላይ 104 ኪሎ ፓስካል ያህል ማንበብ አለበት።

ያው መለኪያ በደብረ ታቦር 104 ቢያነብ ምን ይሆናል? የውጭው አየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ በውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 177 ኪሎ ፓስካል ብቻ ይሆናል፤ እንፋሎቱም 116 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። 121 ዲግሪ ለመድረስ መለኪያው 132 ገደማ ማንበብ ይኖርበታል። ሙቀቱን በቀጥታ የሚለኩ ዘመናዊ መሣሪያዎች ይህ ችግር የለባቸውም። ከውጭው አየር ጋር አነጻጽሮ ግፊትን ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ግን ከፍታውን ካላሰበ «ጸድቷል» ያለው መሣሪያ በሚገባ ላይጸዳ ይችላል።

ለባዮሜዲካል ቴክኒሻንነት ወይም ለነርስነት የሚያመለክቱ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንደኛው «በአውቶክሌቭ አጠቃቀም በቂ እውቀት አለኝ» ሲል ይጽፋል። ሁለተኛዋ እንዲህ ትላለች፦ «በተግባር ልምምዴ ወቅት የጤና ጣቢያውን የአውቶክሌቭ ግፊት ንባብ ከቦታው ከፍታ ጋር አመሳክሬ፣ ሙቀት ሲደርስበት ቀለሙን በሚለውጥ ጠቋሚ ፈትሼ፣ ውጤቱን ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።» የሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር ስለ ትጋት አንድም ቃል አልተናገረም፤ አንባቢው ግን ትጋቷን ያያል። ከዚህም በላይ የምትሠራው የት እንደሆነ የምታውቅ መሆኗን ይረዳል።

ከሊቦ ከምከም የተገኘ ትምህርት

ቦታን ማወቅ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ ታሪክ በዚሁ ዞናችን ውስጥ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በሊቦ ከምከም ወረዳ ሰዎች ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ትኩሳት ይታመሙ፣ ይከሱ፣ ሆዳቸው ይነፋ ጀመር። ወረዳው ወባ የሚታወቅበት በመሆኑ ሕመሙ በመጀመሪያ ወባ መስሎ ነበር። መድኃኒት ቢሰጥም የማይድኑ ሕሙማን በረከቱ። በ1997 ዓ.ም. በሽታው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ፤ በአዲስ ዘመን ከተማም ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት የሕክምና ማእከል ከፈተ። ካላዛር ከዚያ በፊት በዚህ ደጋማ አካባቢ የሚታወቅ በሽታ አልነበረም። በሽታው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ ቆላ ወርደው ከሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ጋር እንደመጣ ይታመናል።

ይህ ታሪክ የሚነግረን በገጠር ጤና ጣቢያ የሚቀመጥ አንድ ባለሙያ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት ነው። ያልተጠበቀን ነገር ሲያይ የሚመዘግብ፣ የመዘገበውን የሚቆጥር፣ የቆጠረውን ለበላይ የሚያሳውቅ ሰው ያስፈልጋል። «ወባ ይመስላል፤ ግን በወባ መድኃኒት አልዳነም» የሚል አንድ መስመር በጊዜው መዝገብ ላይ ቢሰፍር የሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ስለዚህ አመልካች ሆይ፣ የምታመለክትበትን ወረዳ የበሽታ ገጽታ አስቀድመህ አጥና። የፎገራ ሜዳ ወባና የጉና ግርጌ ደጋ አንድ አይደሉም። ትራኮማ በክልላችን ለረጅም ዓመታት ከባድ ሸክም ሆኖ ቆይቷል። በተግባር ልምምድህ ወቅት ካጋጠመህ ከእነዚህ ጉዳዮች ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከሦስት አጠቃላይ አንቀጾች ይልቅ እርሱን ጻፍ።

ቁጥር ሲጻፍ ማካፈያው አይረሳ

ቁጥር ጻፉ ስንል አንዳንዶች «100 በመቶ ትክክለኛ ምርመራ አካሂጃለሁ» ብለው ይጽፋሉ። የፊዚክስ ሰው ወዲያው የሚጠይቀው «ከስንቱ?» ብሎ ነው። አንድ የላቦራቶሪ ተለማማጅ አምስት የደም ስላይዶች አንብቦ አምስቱም ከኃላፊው ንባብ ጋር ተስማሙ እንበል። ይህ ተለማማጅ በእውነቱ ከአሥር አራቱን የሚስት ሰው ቢሆን እንኳ በአምስት ስላይዶች ላይ አንድም ሳይሳሳት የማለፍ ዕድሉ ከመቶ ስምንት ያህል ነው። ሌላዋ ግን 50 አንብባ 47ቱ ቢስማሙላት ውጤቷ 94 በመቶ ነው፤ የእርግጠኝነቱም ወሰን ወደ ላይና ወደ ታች ከ3 እስከ 4 በመቶ ገደማ ይሆናል። በወረቀት ላይ 100 ከ94 ይበልጣል፤ በማስረጃ ሚዛን ግን የሁለተኛዋ ይከብዳል። የሳተቻቸውን ሦስቱን መጥቀሷም አያሳንሳትም፤ ስሕተቷን የምትቆጥር ባለሙያ መሆኗን ያሳያል።

እስካሁን ያልነውን በአንድ ላይ ለማየት ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀነውን አንቀጽ እነሆ፦

«በማስታወቂያ ለወጣው የላቦራቶሪ ባለሙያ የሥራ መደብ አመለክታለሁ። በማስታወቂያው የተጠየቀውን ዲግሪና የሙያ ፈቃድ አሟላለሁ፤ ቅጂያቸው በአባሪ 1 እና 2 ተያይዟል። በጤና ጣቢያ ባደረግሁት የተግባር ልምምድ ለወባ ምርመራ ካነበብኋቸው ስላይዶች 50ው በክፍሉ ኃላፊ እንደገና ታይተው 47ቱ ተስማምተዋል፤ በሦስቱ ላይ ጥገኛ ተሕዋስያኑ ጥቂት ስለነበሩ ስቻቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ የማነባቸውን የማይክሮስኮፕ መስኮች ብዛት ጨምሬያለሁ። የኃላፊው የጽሑፍ ምስክርነት አባሪ 3 ነው። በቲቢ ምርመራ በቂ ልምድ የለኝም፤ ሥልጠና ለመውሰድ ዝግጁ ነኝ።»

አንቀጹ አጭር ነው። እያንዳንዱ ቃል ወደ አንድ ማስረጃ ይጠቁማል። የጎደለውንም አልሸሸገም። በሐሰት ማስረጃ የተያዘ የሥራ ቦታ በሕግ ፊት የማይጸና ከመሆኑም በላይ በጤና ሙያ ሐሰቱ የሚገለጠው በሰው አካል ላይ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ በሕክምና ግን እስኪጠራ ድረስ የሚከፈለው ዋጋ ከባድ ነው።

ደብዳቤው የማይችለው ነገር

ይህን ሁሉ ስንል «መምህር፣ ሥራ የሚገኘው በዘመድ ነው» የሚሉን ልጆች አሉ። ቅሬታቸውን አንንቅም፤ ከአንድ በላይ እውነተኛ ታሪክ ሰምተናል። ጥሩ ደብዳቤ የሌለውን በጀት አይፈጥርም፤ ያዳላን ሰውም አያስተካክልም። ሁለት ነገር ግን ያደርጋል። አንደኛ፣ ቅን የሆነውን ኮሚቴ ሥራ ያቀልለታል፤ ቅን ኮሚቴዎችም አሉ፤ ሁሉም ደብዳቤ አንድ ዓይነት ሲሆንባቸው ግን የሚለዩበት ነገር አጥተው ወደ ስም ጠያቂነት ይገፋሉ። ሁለተኛ፣ ከመስፈርቱ ጋር አንድ በአንድ የተመሳከረና አባሪው የተቆጠረ ማመልከቻ፣ ቅጂው በእጅ ከቀረ፣ አመልካቹ ተበደልኩ ብሎ ቅሬታ ሲያቀርብ የሚይዘው ጭብጥ ይሆነዋል። ያን ጊዜ የአቤቱታው ቅርጽ ተገቢ ቦታውን ያገኛል፤ አቤቱታውም ባዶ አይሆንም።

ሦስተኛውን አንባቢ እስካሁን አልጠቀስንም። እርሷ ደብዳቤውን ፈጽሞ አታየውም። ከእብናት ወይም ከላይ ጋይንት ገጠር ሕፃኗን አዝላ፣ ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ ጤና ጣቢያ በር ላይ የምትደርሰው እናት ናት። በበሩ ውስጥ የምታገኘው ባለሙያ ማን እንደሚሆን የሚወሰነው ግን በእነዚያ ጥቂት ገጾች ላይ ነው።

እንግዲህ ማስታወቂያው ፊት የቆማችሁ ልጆቻችን፣ ደብዳቤያችሁን ከማስገባታችሁ በፊት እርሳስ ይዛችሁ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር «ይህ በምን ይታወቃል?» ብላችሁ ጻፉ። መልስ ያጣችሁለትን ዓረፍተ ነገር ሰርዙ። የሚቀረው ገጽ ግማሽ ሆኖ ቢገኝ አትደንግጡ፤ የቀረው የእናንተ ነውና። መልካም ዕድል እንመኝላችኋለን።